ከንፈር ሲዘፍን፣ ጉሮሮ ሲያርፍ

አማርኛችን ከንፈርን ብዙ ሥራ ያሠራዋል። ሰው ሲያዝን ከንፈሩን ይመጣል፤ ሲቆጭ ይነክሳል፤ የፍቅር ጓደኛ ሲይዝም «የከንፈር ወዳጅ አለው» ይባልለታል። በዚህ ሁሉ ከንፈር በውስጥ ያለውን ስሜት ወደ ውጭ የሚያወጣ አካል ነው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሌላ ዓይነት የከንፈር ሥራ ነው። ድምፁ አስቀድሞ በካሴት፣ በሲዲ ወይም በፍላሽ ተቀርጾ ሳለ ዘፋኙ ማይክ ጨብጦ አሁን የሚዘፍን እየመሰለ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ፈረንጆች «ሊፕ ሲንክ» ይሉታል። የእኛዎቹ ሙዚቀኞች «ፕሌይ ባክ» ሲሉት፣ ታዳሚው ደግሞ «በሲዲ ዘፈነ» ብሎ ይገላገላል።

ነገሩን የማነሣው ከቡናው አገር፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አንጻር ነው። በእነዚህ ከተሞች በበዓልና በኮንሰርት መድረክ ላይ ይህ ልማድ ጎልቶ ይታያል። ዘፋኙን «አታላይ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚያይ ግን ጥያቄው ወዲህ ነው፤ ጉሮሮን አሳርፎ ከንፈርን ያዘፈነው ማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዘፋኙ ይልቅ እንከን የሌለው መልክ ማየት የለመደው የራሳችን ዓይን ነው።

እስቲ ከአዝማሪው እንጀምር። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ቤት ሲገባ ስንኙን ሁሉ ጨርሶ አይመጣም። ከታዳሚው አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥሙን ይነግረዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ ተቀብሎ ወዲያው በዜማ ይመልሰዋል። ግማሹ ዘፈን ከታዳሚው አፍ የሚወጣ ነውና አስቀድሞ ሊቀረጽ አይችልም። የሚገርመው ደግሞ ድምፁ ቢጎረንን ወይም መሰንቆው ቅኝቱን ቢስት ማንም ቅር አይለውም። ሰው የከፈለው ለፍጹምነት አይደለም፤ «እዚህ፣ አሁን፣ ለእኔ» ለሚለው ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃም ሲመጣ ይህን ልማድ ወዲያው አልጣለም። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው፣ ያሳደጓቸው ድምፃውያን ከነሐስ ነጋሪቱና ከሳክስፎኑ ድምፅ በላይ ጎልተው መሰማት ነበረባቸው። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምርም፣ ባንዱና ድምፃዊው አብረው ሆነው በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ነበር። ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች የሚያዳምጥ ሰው የትንፋሹን ማጠር፣ የመለከቱን መቅደም ይሰማል። ሸክላው የመድረኩ ግልባጭ ነበር። በኋላ የመጣው ለውጥ ይህንን ነው የገለበጠው፤ መድረኩ የቅጂው ግልባጭ ሆነ።

እንዴት ሆነ ቢሉ፣ አንደኛው መንገድ ቴሌቪዥን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1977 ዓ.ም. መባቻም ወደ ቀለም ተሸጋገረ። ዘፈን ከጆሮ ወደ ዓይን ሲሻገር መልክ ዋና ጉዳይ ሆነ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ዘፋኙ በአበባ መሀል ይመላለሳል፤ ከኋላው ያለው ጊታር ኤሌክትሪክ ነው፣ ገመድ ግን የለውም፤ ከበሮ መቺው ሣር ላይ ተቀምጧል፤ ድምፁ ግን ከተዘጋ ክፍል እንደሚወጣ ያስታውቃል። ማንም «ውሸት ነው» አላለም። ፊልም ነውና ትክክልም ነበር። ዓይናችን ግን ቀስ በቀስ አንድ ነገር ለመደ፤ ዘፋኝ የማያልበው፣ የማይተነፍስ፣ የማይሳሳት ፍጡር መሰለን።

ሁለተኛው መንገድ ካሴት ነው። ካሴት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከቡና ጫኝ መኪና ጋር ቴፒና በበቃ ድረስ ደረሰ። ገበያ ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በእርሻ ሠራተኛው ቴፕ አንድ ዘፈን ሺህ ጊዜ ይሰማል። ሺህ ጊዜ የሰማውን ሰው ደግሞ መድረክ ላይ ያንኑ ይፈልጋል፤ ያችኑ ማንጎራጎር፣ ያችኑ እረፍት። በዚያው ዘመን ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ትልልቆቹን የነሐስ መሣሪያዎች ተኩ። አንድ ሰው በጣቱ የሚያመጣውን የባንድ ድምፅ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲም የአውራ ጣት ጥፍር ወደሚያክል ፍላሽ ማስገባት የእርምጃ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ፍራንክ ፋሪያን የተባለው ጀርመናዊ አሠሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ቦኒ ኤም» የተባለውን ቡድን ሲያቋቁም፣ በቅጂው ላይ የሚሰማው የወንድ ድምፅ የራሱ የፋሪያን ነበር፤ መድረክ ላይ የሚጨፍረው ግን ቦቢ ፋሬል ነበር። ያው ሰው በኋላ «ሚሊ ቫኒሊ» የተባሉትን ሁለት መልከ መልካም ወጣቶች አመጣ። በሐምሌ 1989 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ መድረክ ላይ ሳሉ ቅጂው ተሰነካክሎ አንዲቱን ሐረግ ደጋግሞ ይላት ጀመር። ወጣቶቹ ግን በዚያው ዓመት ለሠሩት ሥራ በየካቲት 1990 የግራሚ ሽልማት ተቀበሉ። በኅዳር ወር ፋሪያን በቅጂው ላይ የዘፈኑት እነሱ እንዳልሆኑ አመነ፤ ሽልማቱም ተነጠቀ። ልብ እንበል፤ የተዋረዱት ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። መልካቸውን መርጦ ያስገባቸው ሰው ንግዱን ቀጠለ።

ከዚህም የበለጠ ግልጽ የሆነው የቤጂንግ ነገር ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ሊን ሚያኬ የተባለች የ9 ዓመት ልጅ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ዓለምን አስደነቀች። ጥሩነሽና ቀነኒሳ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ያመጡበት ኦሊምፒክ ነውና እኛም ቴሌቪዥን ፊት ነበርን። የዘፈነችው ግን ያንግ ፔዪ የተባለች የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ተመረጠ፣ ፊቷ አልተመረጠም። የሙዚቃው ኃላፊ ቼን ቺጋንግ ምክንያቱን በይፋ ሲናገር፣ ጉዳዩ የአገር ጥቅም እንደሆነና በካሜራ ፊት የምትታየው ልጅ እንከን የሌላት መሆን እንዳለባት ገለጸ። የ7 ዓመት ልጅ «ድምፅሽን እንፈልጋለን፣ አንቺ ግን አትታዪ» ስትባል ምን እንደሚሰማት አንባቢ ያስበው።

ይቅር የሚያስብልም አለ። ሉቺያኖ ፓቫሮቲ በየካቲት 2006 (እ.ኤ.አ.) በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የተሰማው አስቀድሞ በተቀረጸ ድምፅ ነው። ሰውየው ሕመምተኛ ነበር፤ ሌሊቱም ብርድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ። በከተሞቻችን ብዙ የታየው የህንድ ፊልምም አለ። እነ ላታ ማንጌሽካር ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ለተዋናዮቹ ይዘፍኑላቸው ነበር፤ ስማቸው ግን ይታወቃል፣ ይከበራልም። ስለዚህ ነውሩ ቅጂ መጠቀሙ ላይ አይደለም። ነውሩ የድምፁን ባለቤት መደበቁና «አሁን ለእናንተ እየዘፈንኩ ነው» ማለቱ ላይ ነው።

ወደ ቡናው አገር እንመለስ። ሚዛን ተፈሪ በደርግ ጊዜ በከፋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ያን ጊዜ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። የመልክ ጫና አልነበረም አይባልም። የደንብ ልብሱም፣ መፈክሩም፣ የሰልፉ አቋቋምም ከላይ የታዘዘ ነበር። ጉሮሮው ግን የልጆቹ ነበር። የሚዘፈነው ነገር ቢታዘዝም የሚዘፍነው ሰው እዚያው ነበረ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350፣ ቦንጋ ወደ 460፣ ሚዛን ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቴፒ ለመድረስ 50 ያህል ይጨመርበታል። ሙሉ ባንድ፣ ከበሮና ድምፅ ማጉያ ጭኖ ይህን መንገድ መሄድ፣ ሰዎቹን ማሳደርና መመገብ ብዙ ወጪ ነው። አካባቢው ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ የማይለየው ስለሆነ መሣሪያውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ ማምሸት ያሳስባል። አዘጋጁ የሚያስበው ቀላል ነው፤ ሰዉ የመጣው ፊቱን ለማየት ነው፤ ድምፁን ቀድሞም ያውቀዋል። ስለዚህ ዘፋኙ ብቻውን ከፍላሹ ጋር ይመጣል።

ከዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ በአንድ ከተማ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ምሽት አጋጥሞኛል። ዘፋኙ ለሕዝቡ እጁን ሊያውለበልብ ማይኩን ወደ ጉልበቱ አወረደው፤ ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ወጣቱ ሳቀ፣ አጨበጨበም። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ግን ግራ ገብቷቸው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሬዲዮ ነው እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው የለመዱት ዘፋኝ ሲደክመው የሚያርፍ፣ ሰው ሲቀበለው የሚበረታ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ አይደለም፤ የአገሬው ልጆች ነገር ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉን ማዕከልነት ተጋሩ። መድረክ በዛ ማለት ነው። በእነዚህ መድረኮች ብዙ ጊዜ የምናየው ልብሱ ያማረ፣ ረድፉ ያልተዛነፈ፣ ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ወጣት ነው፤ ድምፁ ግን ከማጉያው ነው። ልጁ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ «ልብሴ ይፈለጋል፣ ጉሮሮዬ አይበቃም።» ከያንግ ፔዪ የተገላቢጦሽ ይሁን እንጂ ቁስሉ ያው ነው።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በየት አገር ነው? የቤንች ሰዎች አገር ነው። የቤንች ቋንቋ ቃና የሚለይ ቋንቋ ነው። አንድ ቃል ድምፁ ከፍ ሲል አንድ፣ ዝቅ ሲል ሌላ ትርጉም ይይዛል። ስድስት ቃናዎች አሉት፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ቃና ያላቸው ቋንቋዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚህም የተነሣ ቋንቋው ያለ ቃል፣ በቃናው ብቻ ሊነገር ይችላል። ወንዶቹ በከንፈራቸው ወይም ሁለት መዳፋቸውን አቅፈው በሚፈጥሩት ክፍተት ያፏጫሉ፤ ፉጨቱም ተራ ንግግር ከሚሰማበት ርቀት አልፎ መልእክት ያደርሳል። ከፉጨት ሌላ ባለ አምስት አውታሩ ክራርም ይህንኑ ይናገራል። ክራሩ ሲመታ የሚያውቅ ጆሮ ቃሉን ይሰማል።

እንግዲህ ሁለቱን ከንፈሮች አስተያዩ። አንዱ ቃል ሳያወጣ እውነተኛ መልእክት ለሩቅ ሰው ያደርሳል። ሌላው ቃሉን ሁሉ እየቀረጸ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው አገር ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ በመጣ ድምፅ ላይ ከንፈሩን እንዲያስተካክል መታዘዙ ትልቅ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ቅጂን መከልከል አይመስለኝም። ዝናቡም፣ መንገዱም፣ ወጪውም እውነት ነው። ግን ሦስት ነገር ይቻላል። አንደኛ፣ ድምፁ የተቀረጸ ከሆነ የመድረክ መሪው ይናገር፤ የዘፈነውንም ሰው ስም ይጥራ። ሁለተኛ፣ ከሩቅ የመጣው ዘፋኝ ቢያንስ አንድ ዘፈን በክራር ወይም በኪቦርድ ብቻ ይዝፈን፤ ቢጎረንንም ይጎርንን። ሦስተኛ፣ የአገሬው ልጅ በራሱ ጉሮሮና በራሱ ክራር ይቅረብ፤ ረድፉ ቢዛነፍም ይዛነፍ።

የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቡናችን ለገበያ ደረጃ ሲወጣለት ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ነው፤ ለመልኩ፣ ለሽታውና ለእንከኑ። 60ው ግን ተቆልቶና ተፈልቶ በሲኒ ሲቀመስ ለሚገኘው ጣዕም ነው። መልክ ነጥብ አለው፣ ማንም አይክድም። መድረኮቻችን ግን መቶውንም ለመልክ ሰጥተው ቀማሹን አሰናብተዋል። ቀማሾቹ እኛ ነን፤ ሲኒያችንን መጠየቅ ያለብንም እኛው ነን።