ለእንግዳ የጸና፣ ለባለቤት የፈረሰ፤ ከቀበና እስከ ሸጎሌ

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገሬ ሰው። አዲስ አበባን በእግሩ እየዞረ ታሪኳን ለማንበብ የሚነሣ ሰው ከዚህ ተረት የተሻለ መሪ አያገኝም። በዚህች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ያልነቀነቃቸው አጥሮች አሉ። በየዘመኑ የተነቀነቁ፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው የወደቁ አጥሮች ደግሞ አሉ። የመጀመሪያዎቹ የእንግዶች ናቸው፤ ሁለተኞቹ የባለቤቶች። ይህ እንዴት ሆነ? ይህን ጥያቄ ይዘን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና እንውረድ፤ ከዚያም ወደ አራዳ ተመልሰን ጉዟችንን በምዕራብ በኩል በሸጎሌ እንጨርስ። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንባቢዬ ጫማውን ቢያጠብቅ መልካም ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አምባሳደር የሚቀመጥባት ከተማ አልነበረችም። አውሮፓውያን መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን በቋሚነት ለማስቀመጥ የተጣደፉት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ከሰሙ በኋላ ነው። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ በግንቦት ደግሞ ብሪታኒያ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረሙ። ሩሲያና ጣሊያንም ተከታትለው መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለእነዚህ እንግዶች ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። ሌጋሲዮን ማለት በዚያ ዘመን ቢሮ ብቻ አልነበረም። ጠባቂ ወታደር፣ ፈረስና በቅሎ፣ የግጦሽ መስክ፣ ማገዶና ውኃ የሚያስፈልገው ራሱን የቻለ ሰፈር ነበር። የብሪታኒያ ግቢ እስከ ዛሬ ከ30 ሄክታር በላይ፣ የፈረንሳይ ደግሞ ከ40 ሄክታር በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስምም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ግንፍሌንና ቀበናን ተሻግሮ ወደ ብሪታኒያና ወደ ሩሲያ ኤምባሲዎች የሚወስደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት በታወቁት በደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም ይጠራል። መንገደኛው ግን የሚያየው አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ደግሞ የዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። በዚያ አጥር ውስጥ፣ የድንጋዩ ቤት ተሠርቶ ሳያልቅ፣ በግንቦት 1902 ዓ.ም. በአንድ የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ኋላ በጉዞ መጻሕፍቱ ዝነኛ የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ተወለደ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ፣ ራስ ተፈሪ ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ያስጠለሉት በዚሁ ግቢ ነበር። የአገሪቱ አልጋ ወራሽ የሚሆነው ሕፃን ከአባቱ ግቢ ይልቅ በእንግዳው ግቢ ይድናል ተብሎ ታመነ ማለት ነው። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን በሸዋ ድል አድራጊነት ባያልቅ ኖሮ ይህች አጥር የታሪካችንን አቅጣጫ በወሰነች ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲወጡና ከተማዋ ስትዘረፍም የብዙ አገር ዜጎች ነፍሳቸውን ያተረፉት በዚያው ነው።

አጥሩን ያጸናው ድንጋዩ አይደለም፤ ሕጉ ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል የፈረንሳይ ዜጎች በኢትዮጵያ ሕግና ዳኛ ብቻ እንዳይዳኙ የሚያደርግ ነበር። ሌሎቹም መንግሥታት ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ጠየቁ፤ አገኙም። ልብ ይሏል! ገና በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል ለመከፋፈል ተስማምተው ነበር። እኛ ግን የእንግዳውን መብት አከበርን። ከጦርነቱ በኋላ የውጭ ዜጎች የተለየ ዳኝነት ቀረ። የኤምባሲ ግቢ አለመደፈር ግን ዓለም አቀፍ ሕግ ሆኖ ቀጠለ።

የዚህን ሕግ ጉልበት ለማየት ወደ ጣሊያን ኤምባሲ በር መሄድ ይበቃል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ሮጠው የገቡት እዚያ ነበር። ከእነርሱ መካከል ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህ፣ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌሉበት ሞት ፈርዶባቸው ሳለ፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በግቢው ውስጥ ኖረው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ቅጣቱ ተቀይሮላቸው በአመክሮ ወጡ። ሁለት መንግሥት አለፈ፤ አጥሩን የደፈረ የለም። የነገሩን ምጸት አንባቢዬ ይያዝልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። የአዲስ አበባ ሰፈሮች መሠረት የጦር ሰፈር ነው። መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ግቢያቸውን ይሠራሉ፤ ወታደሩና ቤተሰቡ በዙሪያው ይከትማል። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በሰፈርና በድልድይ ስም ሆነው የቀሩት በዚህ መንገድ ነው። ቤቶቹም የራሳቸው መልክ ነበራቸው። ምድር ቤቱ ከድንጋይ፣ ፎቁ ከእንጨትና ከጭቃ፣ በዙሪያው የተጠረበ እንጨት በረንዳ፣ ከላይ ሹል የቆርቆሮ ጣሪያ። የሕንድና የአርመን ግንበኞች ከአገሬው አናጢ ጋር ሆነው የፈጠሩት፣ የሌላ የማንም ያልሆነ የአዲስ አበባ ጥበብ ነው። የምኒልክ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ኋላ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ከቀበና ሌጋሲዮኖች የሚመጣው ጉዳይ የሚታይበት የሰውየው ደጅ ማለት ነው። እንግዳውና ተቀባዩ፣ ሁለቱም ቤት ነበራቸው።

በምዕራብ በኩል ደግሞ የአሶሳው ገዥ የሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ቤት አለ። «ሸጎሌ» የሚለው ስም ከእርሳቸው ስም እየተለወጠ የመጣ ነው። ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ በምኒልክ ከተማ ፎቅ ቤት የሠራ ሙስሊም ባላባት! የዚህችን አገር አመሠራረት ለተማሪዎቼ ለማስረዳት አንድ ቤት ምረጥ ብባል እርሱን እመርጣለሁ።

ታዲያ እነዚህ ቤቶች ምን ደረሰባቸው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። መኳንንቱ አንዳንዱ ተገደለ፣ አንዳንዱ ታሰረ፣ አንዳንዱ ተሰደደ። ቤቱ ለቀበሌ ወይም ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ፣ በየክፍሉ ተከፋፈለ። ተከራዩ ጣሪያ አይጠግንም፤ የእርሱ አይደለማ! ቀበሌውም አይጠግንም፤ ኪራዩ ለቆርቆሮ አይበቃም። የመስቀል አደባባዩ የራስ ብሩ ቤት ሙዚየም ሆኖ ተረፈ፤ እንደ እርሱ የታደሉት ግን ጥቂት ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ወጣ። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ነባር ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ያየ ሰው ወረቀት ብቻውን ግድግዳ እንደማይደግፍ ተረድቷል።

ወደ ምጸቱ ልመለስ። የዜጋውን ቤት በአንድ አዋጅ የወሰደው መንግሥት ሹማምንት፣ የራሳቸው ቀን በመሸ ጊዜ የተጠለሉት የእነርሱ አዋጅ በማይደርስበት ብቸኛ ግቢ ነበር። ሕግ የሚያከብረው አጥር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከእነርሱ የበለጠ የሚመሰክር ማን አለ?

«የመኳንንት ቤት ቢፈርስ ምን ቀረብን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤቶቹ የቆሙት በገባር ጉልበት ነው፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው ከዚያ በፊት በፊንፊኔ ዙሪያ ይኖሩ በነበሩት ኦሮሞዎች መሬት ላይ ነው። የሼክ ኾጀሌም ሀብት ከወርቅና ከባሪያ ንግድ የተለየ አልነበረም። ነገር ግን ቤትን መጠበቅ ባለቤቱን ማመስገን አይደለም። ማስረጃው ሲፈርስ ወቃሹም ወዳሹም በባዶ ሜዳ ላይ ይከራከራሉ። ዛሬ የምናየው ክርክር ባብዛኛው እንደዚያ ያለ ነው።

ይህን የምጽፈው የመንዝ ቀየት ሰው በመሆኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የሸዋ መንግሥት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ፣ አንኮበርንና እንጦጦን አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከኋላው የተወው ፍርስራሽ ነው። ቤተ መንግሥት መተው ለእኛ አዲስ አይደለም። ያ ደጋ ግን ሌላም ነገር ያውቅ ነበር። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚሉት ስሞች መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት አባቶች የመጡ እንደሆኑ ይነገራል፤ ገበሬውም ከአቅኚው አባት ቆጥሮ ድርሻውን ይሟገት ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አነጋገር የዚህ እምነት ቃል ነው። ሥርዓቱ የራሱ በደል ነበረበት፤ የማያልቅ ሙግትም ወልዷል። ነገር ግን ሹም ሲሻር አብሮ የማይሻር መብት አለ የሚለውን ሐሳብ ይዞ ነበር። ወደ ከተማ ስንወርድ ይህን ሐሳብ በኮረብታው ላይ ትተነው የመጣን ይመስለኛል።

እንግዳን ማክበራችን አያሳፍረንም፤ የቀበና ዛፎችም ይቁሙ። የሚያሳፍረው ለእንግዳው በውል ያጸናነውን ለባለቤቱ መንፈጋችን ነው። ዜጋው ቤቱን ነገ እንደማይነጠቅ ሲያምን ጣሪያውን ይጠግናል፤ ልጁም ታሪኩን ይጽፋል። ያን ጊዜ ከቀበና እስከ ሸጎሌ የሚሄድ መንገደኛ ከኤምባሲ አጥር ውጭም ያልተነቀነቀ አጥር ያያል።

ቸር እንሰንብት።