ጅማና ከግቢ ወደ መንደር የወጣው ትምህርት

የጅማ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ከእርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካኖች ርዳታ የተከፈተው የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በ1956 ወደ ዓለማያ ለተዛወረው የእርሻ ኮሌጅ ጊዜያዊ ማረፊያም ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1983 በተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ የያዘው መመሪያ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ይባላል። በዚህም መሠረት ተማሪው በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት በመንደር ይሠራል፤ አስቀድሞ ቤት ለቤት እየዞረ የውሃውን፣ የመጸዳጃውን፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ሁኔታ ይመዘግባል፤ ቀጥሎ ችግሮቹን እንደየክብደታቸው ያሰልፋል፤ በኋላም ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራል። ትምህርቱ ሊፈጸም ሲቃረብ ደግሞ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮና ሸቤ ባሉ የቡና ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ።

ማስተማር፣ ምርምርና አገልግሎት በአንድ ሥራ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው የጤና ሳይንስ መጽሔትም የዚሁ ግቢ ፍሬ ነው። በ1999 የእርሻ ኮሌጁና ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲን ሲያቆሙ፣ መመሪያው የአዲሱ ተቋም መለያ ሆነ።

ይሁን እንጂ መዝጋቢው ተመርቆ ይሄዳል፤ የተመዘገበው ቤተሰብ ግን እዚያው ይቀራል። ለጥያቄ ሁሉ በሩን የከፈተ የቡና ገበሬ ውጤቱ ካልተነገረው፣ ሰጠ እንጂ አልተቀበለም። ስለዚህ የዚህ ትምህርት መመዘኛ የታተመው ጽሑፍ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከመንደሩ የተወሰደው ዕውቀት ወደ መንደሩ መመለሱም ጭምር ነው።