በመስተዋት ደርብ ላይ የተሠራች ከተማ

የካርቱን ፊልም የሚመለከት ወጣት በሸራው ላይ ከተማ ሲገለጥለት፥ ቤት ከቤት ኋላ፥ ግንብ ከግንብ ኋላ ተደርድሮ፥ መንገዱም ወደ ውስጥ እየጠለቀ ሲሄድ ያያል። ዓይኑም ያለ ጥርጥር ያምናል። ሸራው ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ሥዕሉ የተሣለበትም ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ ይህ ጥልቀት ከወዴት መጣ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው ብታቀርቡለት፥ ዋልት ዲዝኒ የተባለው አሜሪካዊ በትልቅ መሣሪያ ፈጠረው ብሎ ይመልሳል። ብዙ ዘመን ሳስተምር እንዳየሁት፥ ተማሪ «ማን ፈጠረው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም ብቻ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፤ ለፈተና ይመቸዋልና። በዚህ ነገር ግን አንድ ስም አይበቃም። አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ፤ ታሪክ ግን ይህን ተረት ሁልጊዜ አይሰማም፤ ክብሩን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰፊ አዳራሽና ብዙ ገንዘብ ላለው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር እንመልከት። በመኪና ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው በመስኮት ሲያይ፥ ከመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ በርሮ ያልፈዋል፤ ከዛፉ ወዲያ ያለው መንደር ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራው የቆመ ይመስላል፤ ጨረቃማ አብራው የምትጓዝ ይመስለዋል። ዓይን ርቀትን ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የካርቱን ሠሪዎች ይህን ለማሳየት መንገድ አልነበራቸውም። ኤርል ኸርድ የሚባል አሜሪካዊ በ1914 የፈጠራ መብት ያመለከተበት ብልኃት፥ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ሴሉሎይድ በሚባል ጥርት ያለ ስስ ነገር ላይ ሥሎ፥ ከማይንቀሳቀሰው የኋላ ሥዕል ጋር ደርቦ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። ይህም ድካምን እጅግ አቃለለ፤ ሰዓሊው ለያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከተማውን እንደገና ከመሣል ዳነ። ዳሩ ግን ከተማው አንድ ወረቀት ስለ ሆነ፥ ወደ ጎን ሲሳብ ቅርቡም ሩቁም እኩል ይሄዳል። ካሜራው ወደ ሥዕሉ ሲቀርብም፥ ከቤቱ በላይ የምትታየው ጨረቃ ከቤቱ ጋር እኩል ታድጋለች። ዲዝኒ ራሱ በ1957 በቴሌቪዥን ቀርቦ ነገሩን ለሕዝብ ያስረዳው በዚሁ በጨረቃዋ ምሳሌ ነው። ወደ ቤቱ በቀረበ ቁጥር ጨረቃ ያደገችበት ሰው በዓለም የለምና፥ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይሰማዋል።

መፍትሔው ከተማውን መከፋፈል ሆነ። ቅርብ ያለው አጥርና ፋኖስ በአንድ መስተዋት ላይ ይሣላል፤ የመንገዱ ቤቶች በሁለተኛው፥ ሩቅ ያሉት ግንቦች በሦስተኛው፥ ሰማዩ በመጨረሻው። መስተዋቶቹ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ተትቶ እንደ መደርደሪያ አንዱ ካንዱ በላይ ይቀመጣሉ፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ ቍልቍል ያያል። ከዚያም አንድ ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር እያንዳንዱ ደርብ በተወሰነ ልክ ይገፋል፤ ቅርቡ ብዙ፥ ሩቁ ጥቂት፥ ሰማዩ ምንም። ለአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ፎቶግራፍ ያስፈልጋልና፥ ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። በዲዝኒ ቤት ዊልያም ጋሪቲ የሚባል መሐንዲስ የመራቸው ሠራተኞች የሠሩት መሣሪያ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ነበር፤ ለያንዳንዱ ደርብ የራሱ መብራት ነበረው፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ሰው ያሠራ ነበር። በ1937 «አሮጌው ወፍጮ» በተባለው አጭር ፊልም ተፈተነ፤ ፊልሙም የአካዳሚ ሽልማት አገኘ። በ1940 በወጣው «ፒኖኪዮ» ውስጥ ደግሞ፥ የማለዳ ደወል ሲደወል ካሜራው ከደወሉ ግንብ ተነሥቶ በጣሪያዎቹ መካከል እየወረደ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች ሲደርስባቸው ይታያል። የመንደሩን መልክ በማሰብ ብዙ የደከመው ስዊድናዊው ሰዓሊ ጉስታፍ ቴንግረን ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ማዋረድ አይገባም፤ ጥቂት ሴኮንድ ለሚሆን ትዕይንት ያን ያህል ገንዘብና ድካም ማፍሰስ ራሱ ድፍረት ነው።

ነገር ግን ከዚያ በፊትስ? የዲዝኒ የቀድሞ የሥራ ጓደኛ የነበረው አብ አይወርክስ በ1930 ተለይቶት ከሄደ በኋላ፥ ከአሮጌ የሸቭሮሌ መኪና ዕቃ ባለ ብዙ ደርብ ካሜራ አበጅቶ ነበር፤ ይህም ከዲዝኒ መሣሪያ በፊት ነው። በኒው ዮርክ የነበሩት የፍላይሸር ወንድማማቾች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ትንንሽ ቤቶችን በእውነት ሠርተው በሚዞር መድረክ ላይ አቆሙና የተሣለውን ሰው በፊታቸው አስቀምጠው አነሡት። በ1941 ባወጡት ረዥም ፊልም መክፈቻ ላይ ኒው ዮርክን ከሰማይ እንደምትታይ አድርገው አሳዩ። ፊልሙ የወጣው አሜሪካ ወደ ጦርነት በገባችበት በታኅሣሥ ወር ስለ ነበረ ተመልካች አላገኘም፤ እነርሱም የፊልም ቤታቸውን አጡ።

ከሁሉም የቀደመችው ግን ሎተ ራይኒገር የምትባል በበርሊን የተወለደች ሴት ናት። ከ1923 እስከ 1926 በፖትስዳም፥ አንድ የባንክ ባለቤት በሰጣት ስፍራ፥ ከባልዋና ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሆና «የልዑል አሕመድ ጀብዱ» የተባለውን ፊልም ሠራች። መሣሪያዋ መቀስና ጥቁር ወረቀት ነበር። ሰዎቹንና የከሊፋውን ከተማ እየቈረጠች በመስተዋት ገበታ ላይ ታስተኛለች፤ መብራቱ ከሥር፥ ካሜራው ከላይ ነው፤ ርቀት በሚያስፈልግበትም ጊዜ መስተዋቱን ደረበች። የዲዝኒ ትልቅ መሣሪያ ከመቆሙ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። የፊልሙ ዋና ቅጂ በ1945 በበርሊን ውጊያ ጠፋ፤ ዛሬ የምናየው በሌላ አገር ከተረፈ ቅጂ የታደሰው ነው።

ከተማን ስለ ማሳየት ግን እኔ አብልጬ የማደንቀው ከራይኒገር ረዳቶች አንዱን፥ በርቶልድ ባርቶሽን ነው። በ1893 በቦሔሚያ ተወለደ፤ በቪየና የሕንፃ ጥበብ ተማረ፤ በልዑል አሕመድ ፊልም ውስጥ የባሕሩን ማዕበል የሠራው እርሱ ነው። ኋላም ወደ ፓሪስ ሄዶ፥ ከቪዩ ኮሎምቢዬ ቴአትር በላይ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ «ሐሳብ» የሚባለውን ፊልም ብቻውን ሊባል በሚችል ድካም ሠርቶ በ1932 ፈጸመው። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መነሻውም ቤልጅጋዊው ፍራንስ ማዜሬል በእንጨት ቀርጾ ያሳተመው ቃል የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ነው።

የባርቶሽ ብልኃት ተራ ሳሙና ነበረ። መስተዋቶቹን ደረበ፤ ከሥር አበራ፤ ጭጋግ ባስፈለገው ጊዜ ሳሙና ቀባባቸው። ብርሃኑ በሳሙናው ውስጥ ሲያልፍ ይበተናል፤ በፋኖሱ ዙሪያ የጉም አክሊል ይታያል፤ የሩቅ ሕንፃዎች ጠርዝ ይደበዝዛል። አንድ ፊልም እየመለሰም ደጋግሞ ያነሣበት ነበር፤ ሥዕል በሥዕል ላይ እንዲያርፍ። ሰውዬው የሕንፃ ተማሪ ስለ ነበረ፥ ርቀት የፍጥነት ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ በእኛና በሩቁ ነገር መካከል አየር አለ፥ በከተማም ላይ ጭስና አቧራ ይጨመርበታል። ሩቅ ተራራ ሰማያዊ መስሎ የሚታየንም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገውም ለማስደነቅ አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ሐሳብ በአንዲት ብሩህ ሴት ትመሰላለች፤ ከአሳቢው ሰው አእምሮ ወጥታ ወደ ከተማ ትሄዳለች። ባለ ሥልጣኖች እንዳለች ሊቀበሏት አይወዱም፤ ልብስ ሊያለብሷት፥ ሊያሳድዷትም ይነሣሉ፤ ስለ እርሷ የቆመ አንድ ሠራተኛ ይገደላል፤ ወታደሮችም በሕዝቡ ላይ ይዘምታሉ። የባርቶሽ ደርቦች ትርጉም የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። የፒኖኪዮ መንደር ተመልካቹን ና ግባ ብሎ ይጋብዘዋል፤ የባርቶሽ ከተማ ግን ጥቍር ግድግዳዋን በፊት አቁማ፥ ብርሃኗን ከጭጋግ ኋላ ታስቀምጣለች። ተመልካቹ አንድ ሰው በትልቅ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ በዓይኑ ይለካል። በገንዘብ ቢመዘን የዲዝኒው መንደር ይበልጣል፤ በቁም ነገር ቢመዘን ግን እኔ ለሳሙናው እፈርዳለሁ። ባርቶሽ ከዚያ በኋላ ጦርነትን የሚቃወም ሌላ ፊልም ጀምሮ ነበር፤ እርሱም ጀርመኖች ፓሪስን ይዘው በነበሩበት ዘመን ጠፋ። ሠሪው በ1968 ሞተ።

የዲዝኒ ቤት በ1990 ሥራውን ወደ ኮምፒዩተር ባዞረ ጊዜ፥ ያ ትልቅ መሣሪያ አገልግሎቱን ጨረሰ። መስተዋቱ በቁጥር ተተካ፤ ደርቡ ግን ደርብ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም ሰዓሊው ሰማዩን፥ ግንቡንና አጥሩን ለየብቻ ይሥላል። ጃፓናዊው ማሞሩ ኦሺ በ1995 ባወጣው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» በተባለ ፊልም ውስጥ፥ ለከተማው ምሳሌ የሆነችው ሆንግ ኮንግ ናት። በፊልሙ መካከል፥ አካሏ በፋብሪካ የተሠራ፥ ሰው መሆኗንም የምትጠራጠር ሴት፥ ለሦስት ደቂቃ ያህል ምንም ንግግር ሳይሰማ በከተማዋ ውስጥ ትጓዛለች። ዝናብ ይዘንባል፤ የቅርቡ ግድግዳ ፈጥኖ ያልፋል፤ ማስታወቂያዎቹ ተከትለው ይንሸራተታሉ፤ ረዣዥሞቹ ሕንፃዎች ግን የቆሙ ይመስላሉ። ሴትዮዋ ቀና ስትል ከአንድ መስኮት ኋላ ፍጹም ራሷን የምትመስል ሌላ ሴት ታያለች፤ በሁለቱም መካከል መስተዋት አለ።