የሕክምና ላቦራቶሪ ረዳት

የሕክምና ላቦራቶሪ ረዳት በሆስፒታል ውስጥ የደም፣ የሽንት፣ የሰገራና የአክታ ናሙና የሚቀበል፣ የሚመዘግብና ለምርመራ የሚያሰናዳ ሠራተኛ ነው። ውጤቱን መርምሮ ማጽደቅ የቴክኖሎጂስቱ ድርሻ ነው፤ አብዛኛው የላቦራቶሪ ስሕተት የሚፈጠረው ግን ከዚያ በፊት፣ ረዳቱ በሚሠራበት ምዕራፍ ነው።

ቀዳሚው ጥንቃቄ የታካሚው ማንነት ነው። በኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ ሞክሼዎች በአንድ ወረፋ መገናኘታቸው ብርቅ አይደለም። በመሆኑም ስም ከካርድ ቁጥር ጋር ይመሳከራል፤ ቱቦው ላይም የሚጻፈው ታካሚው ሳይሄድ ነው።

ለደም ሴል ቆጠራ የሚውለው ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የተባለ ውህድ ይዟል። ውህዱ አብዛኛውን ጊዜ የፖታሲየም ጨው ስለሆነ፣ ደምን ከዚህ ቱቦ ወደ ሌላ ቱቦ መገልበጥ ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ፣ ካልሲየምን ዝቅ ያደርጋል። ከፍ ያለ ፖታሲየም የልብ ምትን ስለሚያውክ፣ ሐኪሙ ያልታመመ ልብ ሊያክም ይችላል ማለት ነው። ቱቦው በቀስታ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም፤ ሲናጥ ቀይ የደም ሴሎች ይፈርሳሉ።

ወባ ባለባቸው አካባቢዎች የረዳቱ እጅ የሚለየው በስላይድ ቅብ ነው። ወፍራሙ ቅብ ጥገኛ ተሕዋስያኑ መኖራቸውን፣ ስሱ ደግሞ ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ ዝርያቸውን ለመለየት ይረዳል። በሜታኖል የሚነከረው ስሱ ብቻ ነው። ሜታኖል ወፍራሙን ከነካው ቀይ ሴሎቹ ስለማይሟሙ ንባቡ ይበላሻል። ሁለቱም በጊምሳ ይቀለማሉ።

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣላል።