ፀሐይ፣ ዓባይና የሮዳው መለኪያ

እዚህ ደብረ ወርቅ ሙቀቱ ሲብስ ወይም ክረምቱ ሲዛባ «ፀሐይዋ ተለወጠች» ይባላል። ነገሩን የሚመሰክር ጥንታዊ መዝገብ አለ። ግብፅ የሚደርሰው የክረምት ሙላት አብዛኛው የኛው የደጋ ዝናብ ነው። ካይሮ ላይ ሙስሊሞች ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለክተውታል፤ በ861 እ.ኤ.አ. በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን የተሠራው የሮዳ ሚቅያስ ዛሬም ቆሟል። ግብር በውሃው ከፍታ ይጣል ስለነበር ልኩ በጥንቃቄ ይያዝ ነበር፤ ይህ ለገበሬ ግልጽ ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከ622 እስከ 1470 ያለውን መዝገብ መርምረው የ88 ዓመትና ከ200 ዓመት የሚበልጥ ዑደት አገኙ፤ ከፀሐይ ለውጥ ጋርም አያያዙት። የ11 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ግን የምድርን ሙቀት የሚያወዛውዘው በ0.1 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የጨመረው ከ1 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ፀሐይ ከ1980ዎቹ ወዲህ ጉልበት አልጨመረችም። ጭሱ የሰው ነው።