ሊዘ ማይትነርና የጐደሉት የትምህርት ዓመታት

በሳይንስና በቴክኒክ ሙያ ሴቶች ለምን አነሱ ሲባል ብዙ ሰው ነገሩን ከተፈጥሮ ዝንባሌ ይጀምራል። የፊዚክስ ሊቅ የሊዘ ማይትነር ታሪክ ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመራናል። (ዓመቶቹ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ማይትነር በ1878 በቪየና ተወለደች። በዚያን ጊዜ የልጃገረዶች የሕዝብ ትምህርት በ14 ዓመት ዕድሜ ያበቃ ነበር፤ ወንዶች ግን ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ላቲን፣ ግሪክና ሒሳብ ይማሩ ነበር። በ1897 የቪየና ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፋኩልቲ ለሴቶች ሲከፈት፣ የመግቢያው ፈተና ይህንኑ የስምንት ዓመት ትምህርት የሚጠይቅ ሆኖ ቈየ። ሕጉ ፈቀደ፤ ልጃገረዶችን ወደ ፈተናው የሚያደርስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። የማይትነር አባት ጠበቃ ስለ ነበሩ የግል አስተማሪ ቀጠሩላት፤ የስምንቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ገደማ አጥንታ በ1901 ፈተናውን አለፈች። አስተማሪ ለመቅጠር አቅም ያልነበረው ቤት ልጅስ? እርስዋ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ስላልገባች ተሰጥዎዋን የሚቈጥርላት የለም። ከሁሉ የከፋውም ጉዳት ይህ ይመስለኛል።

በ1906 ዶክቶሬቷን አግኝታ በ1907 በርሊን ስትደርስ የኬሚስትሪው ተቋም ኃላፊ ኤሚል ፊሸር የፈቀዱላት ምድር ቤት የነበረውን የቀድሞ አናጢ ክፍል ብቻ ነበር፤ ፎቅ ያሉት ላቦራቶሪዎች ተከለከሉባት። ክልከላው የተነሣው የፕሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በ1908 ለሴቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። ደመወዝ የተቈረጠላት ግን በ1912 የማክስ ፕላንክ ረዳት ስትሆን ነበር፤ እስከዚያው የኖረችው በቤተ ሰቧ ገንዘብ ነው።