በጣት የሚለይ ሳንቲም
ባለ 20 ሴንት የዩሮ ሳንቲም፤ የመዳብ ቅይጥ፤ ስፋት 22.25 ሚሊ ሜትር፣ ክብደት 5.74 ግራም፤ ለመገበያያነት የዋለው እ.ኤ.አ. በ2002።

በዚህ ሳንቲም ጠርዝ ላይ፣ ማለትም ሁለቱን ገጾች በሚያገናኘው ቀጭን ዙሪያ ላይ፣ ሰባት ስርጉዶች በእኩል ርቀት የተቀረጹ ሲሆን፣ «የስፔን አበባ» የሚባለው ይህ ቅርጽ ዓይነ ስውር ሰው ሳንቲሙን በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ይዞ ሲያዞረው ከሌሎቹ ሰባት የዩሮ ሳንቲሞች ለይቶ እንዲያውቀው ያስችለዋል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነው ባለ 5 ሴንት በስፋት ከዚህ የሚያንሰው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ስርጉዶቹ ባይኖሩ ኖሮ ሁለቱን ኪስ ውስጥ በችኮላ መለየት አዳጋች በሆነ ነበር። ባለ 2 ሴንቱም ከባለ 10 ሴንቱ የሚያንሰው በዚያው 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ቦይ ተበጅቶለታል። በንድፉ ዝግጅት ወቅት የአውሮፓ ዓይነ ስውራን ኅብረትን ማማከሩ ተገቢ እርምጃ ነበር፤ መልሱን ራሱ ቆጥሮ የሚቀበል ሰው በሻጩ ቅንነት ላይ ብቻ ለመመካት አይገደድምና።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአሜሪካ ባለ 1 ዶላር ሳንቲም ግን ክብ፣ ጠርዙም እንደ ሩብ ዶላሩ ጥርስ ያለው ሆኖ፣ በስፋት ከእሱ የሚበልጠው በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበር ዓይናማውም ሳይቀር ይምታታበት ነበር፤ በ2000 የወጣው ተከታዩ ወርቃማ ቀለምና ለስላሳ ጠርዝ እንዲኖረው ተደርጓል።